መቀሱ በማን እጅ ነው?

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ አሳየ። ፊልሙ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ሠርቶ ጥቅምት 1966 ለአገሩ ሕዝብ ያቀረበው ነው። እዚህ የታየው ግን እንዳለ አልነበረም፤ ደርግ መቀስ አስገብቶበታል። አጥንቱ የገጠጠ ሕፃን ይታያል፤ ወዲያው ጃንሆይ ለውሾቻቸው ሥጋ ይሰጣሉ። ደግሞ ሬሳ፤ ወዲያው ሻምፓኝ የሚቀዳበት ድግስ። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

ልብ በሉ፤ ሥዕሎቹ ሐሰት አይደሉም። ሕፃኑም እውነት፣ ውሻውም እውነት። (ጃንሆይን ለመከላከል አይደለም፤ ረሃቡን የደበቀው የሳቸው መንግሥት ነው።) ሥጋው ከሕፃኑ አፍ ተነጠቀ የሚለውን ግን ተመልካቹ ራሱ ነው የደመደመው። ቅንብር የሚባለው ይኼ ነው። ሶቪየታዊው ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይ ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር እያጋጠመ ቀድሞ አሳይቶታል።

ታዲያ ለማን ነው የተቀናበረው? ያኔ ቴሌቪዥን የነበረው ባብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ነው። ስለ ገበሬው የተሠራውን ፊልም ገበሬው አላየውም።

ከቅንብር ይልቅ ለመመርመር የሚያስቸግረው ዝምታ ነው፤ የለማ! መስከረም 1977 አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን በሰልፍና በድግስ ሲያከብር ወሎና ትግራይ እንደገና በረሃብ ይረግፉ ነበር። ድግሱም ነበረ፣ ረሃቡም ነበረ፤ አጋጥሞ ያሳየ ግን የለም። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሣውን ሥዕል ዓለም በቢቢሲ ያየው ከበዓሉ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን ነው።