በሆላንድ የምግብ ጥናት ያልተጠየቁት እናቶች

ሆላንድ ሕዝቧ የሚበላውን በአገር አቀፍ ጥናት መመዝገብ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ጥናቱ በ1992 እና በ1997/98 ተደገመ፤ ከ2003 ወዲህ ደግሞ በቢልትሆቨን የሚገኘው የሕዝብ ጤናና አካባቢ ተቋም ይመራዋል። ዳቦውን፣ ድንቹንና አይቡን መዝግቦ መያዝ አድካሚ ቢሆንም የታወቀ ሥራ ነው። የቪታሚን እንክብል ግን ለእንዲህ ያለው መዝገብ አይመችም። አንዱ ጨርሶ አይውጠውም፣ ሌላው በክረምት ብቻ ይወስደዋል፤ መጠኑም ከአምራች አምራች ይለያያል። ስለዚህ ተቋሙ ከምግብ ይዘት ሠንጠረዡ ሌላ ለእንክብሎች ብቻ የተዘጋጀ መዝገብ ይይዛል። ተጠያቂዎችም ባለፉት 24 ሰዓታት የበሉትን በሁለት የተለያዩ ቀናት ከመናገራቸው በተጨማሪ በዓመቱ ውስጥ ምን ዓይነት እንክብል እንደወሰዱ፣ ክረምቱ ከሌላው ወቅት ተለይቶ ይጠየቃሉ።

ከዚያ በኋላ የስሌቱ ጣጣ ይመጣል። አንድ ሰው ከምግብ 3 ማይክሮግራም ቪታሚን ዲ ያገኛል እንበል። ጎረቤቱ በዚያው 3 ላይ 10 በእንክብል ይጨምራል። አማካያቸው 8 ነው፤ 8 የሚያገኝ ግን ከሁለቱ አንድም የለም። ሁለቱን ምንጮች ቀላቅሎ የሚያሰላ ሰው የመጀመሪያውን እጥረት ይሸፍነዋል። የሆላንድ ባለሙያዎች ያገኙት መፍትሔ ከምግብ የሚገኘውን ለብቻው አስልቶ የእንክብሉን በኋላ መደመር ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ማንኛውም ቀመር ያልተጠየቀን ሰው መልስ ሊፈጥር አይችልም።

ከ2007 እስከ 2010 በተካሄደው ጥናት ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች አልተካተቱም፤ ሆላንድኛ በቂ ያልሆነላቸውም እንዲሁ። ይህ እንደ ተራ የአሠራር ገደብ ሊታይ ይችል ይሆናል። የአገሪቱ ፖሊሲ ግን በእነዚሁ ሴቶች ላይ የቆመ ነው። ጽንስ በአንጎልና በህብለ ሰረሰር አፈጣጠር ጉድለት እንዳይጎዳ ሆላንድ ፎሊክ አሲድ በዱቄት ላይ የግድ እንዲጨመር አላደረገችም፤ በ1995 በመገናኛ ብዙኃን ሰፊ ዘመቻ ከፍታ እናቶች ራሳቸው እንክብሉን እንዲወስዱ መከረች። ምክሩ መድረሱን ማወቅ የሚቻለው እነርሱን በመጠየቅ ብቻ ነበር።

ክፍተቱን የሞሉት ከተሞቹ ናቸው። በአምስተርዳም በ2003 እና በ2004 በሺዎች የሚቆጠሩ ነፍሰ ጡሮች መጠይቅ ሞሉ። በ2006 የታተመው ትንታኔ ስለ ፎሊክ አሲድ ባለው ዕውቀትና አጠቃቀም የቋንቋ ችሎታ ያለውን ድርሻ መረመረ፤ ይህም አገር አቀፉ ጥናት ሰዎችን ከበር የሚመልስበት መስፈርት ራሱ ነው። በሮተርዳምም ከ2002 እስከ 2006 የተወለዱ ሕፃናትን የተከታተለው ትልቅ ጥናት እናቶችን ስለዚሁ እንክብል ጠይቋል። በዚያው 2006 ስለ ሄግ ነፍሰ ጡሮች የታተመ ጥናት ደግሞ መጠይቅን ትቶ ደም መረመረ። የምዕራባውያን እናቶች አማካይ የቪታሚን ዲ መጠን በሊትር ከ50 ናኖሞል በላይ ሲሆን፣ የቱርክ ተወላጆቹ 15 ገደማ ነበር፤ የሞሮኮዎቹም ከ20 ብዙ አልራቀም።

መቀመጫውን በሄግ ያደረገው የጤና ምክር ቤት በ2012 ባወጣው ምክር ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሰዎች በቀን 10 ማይክሮግራም ቪታሚን ዲ እንዲጨምሩ አሳስቧል። ምክሩ ሐበሻውንም ይመለከታል፤ መፈጸሙን የሚለካ ግን የለም ማለት ይቻላል። በ2011 የጀመረው የአምስተርዳም ትልቅ የብዝኃ ብሔር የጤና ጥናት እንኳ ከሆላንዳውያን ጋር ያነጻጸረው የሱሪናም፣ የጋና፣ የቱርክና የሞሮኮ ተወላጆችን ነው። ስለ አመጋገብ በዝርዝር ሲጠይቅ ደግሞ ጋናውያኑም ቀሩ።

በኢትዮጵያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ በተዘጋጀ መጠይቅ እናቶችን በእርግዝናቸው ወቅት የብረት እንክብል ወስደው እንደሆነ፣ ለስንት ቀንም እንደወሰዱ ጠየቀ። 42 በመቶ ያህሉ ወስደናል አሉ፤ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የዘለቁት ግን 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ያሳፍራል፤ ያም ሆኖ የጤና ሚኒስቴር የሚያርመውን ያውቃል። ሮተርዳም ለገባች፣ ሆላንድኛ ገና ላልለመደች ነፍሰ ጡር ኢትዮጵያዊት ግን ከዚያ ጋር የሚስተካከል ቁጥር አልተጻፈም።