አጣጥና የነቀርሳ መድኃኒት

አጣጥ ለአቀስታና ለመካነ ሰላም ደገኛ ባዕድ ተክል አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1972 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ፣ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ሜይታንሲን የተባለውን ውሁድ ለይተው አስታወቁ። ከአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ተክል አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አልተገኘም፤ ኃይሉ ግን ከመጠኑ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ሕዋስ ሲከፈል የሚዘረጋቸው ረቂቅ ዘንጎች እንዳይገነቡ ያግዳል፤ ሕዋሱም መከፈል አቅቶት ይሞታል።

ችግሩ ሕመምተኛውን ሕዋስ ከጤነኛው አለመለየቱ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በሕሙማን ላይ ሲፈተን አንጀትን፣ ነርቭንና ጉበትን ስለ ጎዳ ተተወ።

መሐንዲስ ነገሩን የማጓጓዣ ጉድለት ይለው ይሆናል፤ አይሳሳትምም። የውሁዱ ልጅ የነቀርሳውን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር በኬሚካል ድልድይ ተያያዘ፤ በአንዱ ተሸካሚ ላይ በአማካይ ከሦስት እስከ አራት የሚሆኑ የመርዝ ቅንጣቶች ይጫናሉ። አሜሪካ ይህን መድኃኒት ለአንድ ዓይነት የጡት ነቀርሳ የፈቀደችው በ2013 ነው። ጉበት ግን ፈጽሞ አልዳነም፤ የመድኃኒቱ መግለጫ ዛሬም ስለ ጉበት አጥብቆ ያስጠነቅቃል።

ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482 ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች ግን የውሁዱን ዘመዶች በ1977 ከባክቴሪያ አግኝተው ነበር፤ መነሻው በማብላላት ስለሚመረት ፋብሪካው የአጣጥን እንጨት መፈለግ ትቷል።