ከቦሌ እስከ ደለስ፤ የመንገዳችን ታሪክ

«አገር ቤት ለመግባት ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ዘመኑና እንደ መንገደኛው ነው። ቦሌን ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚለየው ርቀት፣ በአጭሩ የሰማይ መስመር ሲለካ፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1903 ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሊፈራረም ሲመጣ ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር። የቀረውን መንገድ በቅሎና ግመል አስከትሎ ተጓዘ፤ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ ሳምንታት ፈጀበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቲ ደብሊው ኤ አጋዥነት እ.ኤ.አ. በ1945 ተቋቁሞ፣ በሚቀጥለው ዓመት በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። ሆኖም ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ አትላንቲክን የተሻገሩት በመርከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720 ጄቶች ሲገቡ የልደታ ሜዳ ስላልበቃቸው ቦሌ ተሠራ።

በደርግ ዘመን ብዙዎቻችን ግን በቦሌ አልወጣንም። ሌሊት በእግር መተማን አልፈን ገዳሪፍ፣ ከዚያም ካርቱም ገብተን፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ ተራ እስኪደርሰን ዓመታት ጠበቅን። ያ ጉዞ በሰዓት አይቆጠርም። መመለስማ ከቶ የሚታሰብ አልነበረም፤ የእናት መርዶ የሚደርሰን በደብዳቤ፣ ያውም ከአርባው በኋላ ነበር።

አየር መንገዳችን አሜሪካ መመላለስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ድሪምላይነር ተጨመረ። እዚህ ላይ ብዙ መንገደኛ የሚገረምበት ነገር አለ፤ ከደለስ ወደ ቦሌ ያለ ማረፊያ 13 ሰዓት ያህል ሲሆን፣ ከቦሌ ወደ ደለስ ግን መንገድ ላይ ነዳጅ ተቀድቶ ከ16 ሰዓት በላይ ይሆናል። ምክንያቱ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር መሆኑ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩም የክንፉም አቅም ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ መንገደኛውንም የሙሉ መንገድ ነዳጁንም ይዞ ሊነሳ አይችልም። በዚህም የተነሳ ሮምም፣ ደብሊንም፣ ሎሜም በየጊዜው ማረፊያ ሆነዋል። ደለስ ግን ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ በዚያ ላይ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ከኋላ ይገፋል። እንግዲህ ከመውጣቱ ይልቅ መግባቱ አጭር ነው ማለት ነው!

ይሁን እንጂ ለቀብር አይበቃም። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በበጋ ሰባት፣ በክረምት ስምንት ሰዓት ትቀድማለች፤ ጧት እዚያ የተለቀሰው እዚህ ስልክ የሚደወልልን በእኩለ ሌሊት ነው። ትኬት እስኪገኝ፣ ከሥራ ፈቃድ እስኪጠየቅ፣ አውሮፕላኑም እስኪነሳ፣ በአገራችን ልማድ አስከሬኑ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይቀበራል። ብንፈጥን ብንፈጥን የምንደርሰው ለሠልስቱ ነው።