ጥቁረትን መስፈር፦ ከሻማ እስከ ስካነር

በሌሞ ገበያ ስንዴ በጣሳ ሲሰፈር የጣሳው ልክ ካልታወቀ «ሦስት ጣሳ» ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም። ቁናና ክንድም ከቦታ ቦታ ይለያዩ ስለ ነበር፣ አገራችን በ1963 እ.ኤ.አ. በወጣው የመለኪያዎች አዋጅ ሜትራዊውን ሥርዓት መቀበልዋ ትልቅ እርምጃ ነበር። ብርሃንን የመስፈር ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ በ1729 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ብርሃን በተደራረቡ እኩል ንጣፎች ውስጥ ሲያልፍ በየንጣፉ ተመሳሳይ ድርሻ እንደሚያጣ አመለከተ። መሣሪያ ስላልነበረው ዐይኑን ሚዛን፣ ሻማን መስፈሪያ አደረገ። ላምበርት በ1760 ነገሩን በሒሳብ አስቀመጠው፤ ቤር ደግሞ በ1852 ቀለም ባላቸው ፈሳሾች ላይ አጠናው። በ1890 በእንግሊዝ አገር በኬሚካል ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩት ሁርተርና ድሪፊልድ የፎቶግራፍ መስተዋትን ጥቁረት በቁጥር ገለጹ። ይኸውም ከብርሃኑ አንድ ዐሥረኛው ብቻ ሲያልፍ ጥቁረቱ 1፣ አንድ መቶኛው ሲያልፍ 2፣ አንድ ሺሕኛው ሲያልፍ 3 ይባላል። ዛሬ በላቦራቶሪ ኦፕቲካል ዴንሲቲ የምንለው ይኸው ነው።

ስካነር ግን ጥቁረትን በቀጥታ አይናገርም፤ በተለመደው ባለ 8 ቢት ንባብ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ የብሩህነት ቁጥር ይሰጣል እንጂ። ቁጥሩ ከብርሃኑ ጋር በትክክል ቢመጣጠን እንኳ፣ ጥቁረቱ 2 ለሆነ ቦታ የሚተርፈው 2 ወይም 3 ቁጥር ነው፤ 3 ለሆነው ከነጭራሹ አይተርፍም። ስለዚህ በፊልም ላይ ያሉ ሁለት መስመሮች በጥቁረት እጅግ ቢለያዩም ስካነሩ አንድ አስመስሎ ሊያሳያቸው ይችላል። ተመራማሪውም በመካከላቸው ልዩነት የለም ብሎ ይደመድማል።

ለዚህ መፍትሔው የየእርከኑ ጥቁረት አስቀድሞ የታወቀ፣ ለምሳሌ 21 እርከን ያለው፣ የመመዘኛ ፊልም ነው። ስካነሩ ከሞቀና በራሱ የሚያደርገው የምስል ማስተካከያ ከተዘጋ በኋላ፣ ፊልሙና ናሙናው በአንድ ዓይነት አሠራር ይነበባሉ። ከእርከኖቹ በሚሣለው ግራፍም የናሙናው ቁጥር ወደ ጥቁረት ይተረጐማል። ግራፉ ጠፍጣፋ በሆነበት ክፍል የወደቀ ንባብ አይታመንም።

እንግዲህ በሆሳዕና የተገኘ ውጤት በአዲስ አበባ ከተገኘው ጋር ሊነጻጸር የሚችለው ሁለቱም ወደ አንድ መስፈሪያ ሲመለሱ ነው። ከውጤቱ ጎን የመመዘኛውን ፊልም ዓይነት፣ የስካነሩን አሠራርና የተነበበበትን ቀን ካልጻፍን፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሥራችንን ሊመረምረው አይችልም።