ዕድሜና የሥራ ቦታ ግንኙነት፦ ነባርና ወጣት ሠራተኞች ተግባብተው የሚሠሩበት መንገድ

በአንድ የሥራ ክፍል ውስጥ በቅርቡ ተመርቆ የተቀጠረ ወጣትና ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመታት የቀሩት ነባር ሠራተኛ ጎን ለጎን መሥራታቸው የተለመደ ነው። በኢትዮጵያ መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት በመሆኑ በሁለቱ መካከል ከ35 ዓመት በላይ የዕድሜ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ልዩነቱ በአግባቡ ከተያዘ አንዱ ከሌላው ይማርበታል። በቸልታ ከታለፈ ግን ለቅሬታና ለመራራቅ መነሻ ይሆናል፤ ነባሩ ሠራተኛ በጡረታ ሲሰናበትም በረጅም አገልግሎት ያካበተው ዕውቀት አብሮት ይሄዳል።

በዕድሜ የሚለወጠውና የማይለወጠው

ሬይመንድ ካቴልና ጆን ሆርን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን የሰውን የአእምሮ ችሎታ በሁለት ከፍለው ያዩታል። አንደኛው አዲስ ነገርን ፈጥኖ የማገናዘብ ችሎታ ሲሆን ከወጣትነት በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ሁለተኛው በትምህርትና በልምድ የተከማቸ ዕውቀት ነው፤ ይህኛው በሥራ ዘመን ሁሉ ሊጠበቅ፣ ሊጨምርም ይችላል።

ልምድ የፍጥነትን መቀነስ እንዴት እንደሚያካክስ ቲሞቲ ሳልትሃውስ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጥናት አሳይቷል። በጥናቱ ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 72 ዓመት የሆኑ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊዎች ተፈትነዋል። በዕድሜ የገፉት ለምልክት ምላሽ በመስጠት ዘገምተኛ ቢሆኑም፣ የሚጽፉትን ጽሑፍ ቀደም ብለው ወደ ፊት እያነበቡ ስለሚሄዱ በጽሕፈት ፍጥነት ከወጣቶቹ አላነሱም። ስለሆነም የዕድሜ መግፋት ብቻውን የሥራ ውጤት ማነስ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

አለመግባባት ከየት ይመጣል?

ሎራ ካርስተንሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር እንደሚያስረዱት፣ ሰው ከፊቱ ያለው ጊዜ ረጅም መስሎ ሲታየው አዳዲስ ሰዎችን ለመተዋወቅና አዲስ ዕውቀት ለመሰብሰብ ይተጋል። ጊዜው እያጠረ እንደሆነ ሲሰማው ደግሞ ለቅርብና ትርጉም ላላቸው ግንኙነቶች ቅድሚያ ይሰጣል። ስለዚህ ነባሩ ሠራተኛ ከጥቂት የቅርብ ባልደረቦቹ ጋር መሆንን መምረጡ ኩራት ወይም ጥላቻ፣ ወጣቱ ብዙ መጠየቁና የተለመደ አሠራር እንዲለወጥ መፈለጉም ድፍረት ላይሆን ይችላል።

ሮበርት በትለር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ሰውን በዕድሜው ብቻ መፈረጅን የአድልዎ ዓይነት አድርገው ሰይመውታል። ፍረጃው በሁለቱም በኩል ይታያል፤ «እሳቸው ኮምፒውተር አይገባቸውም» ማለትም ሆነ «ልጅ ነው፣ ኃላፊነት አይችልም» ማለት ሰውየውን በሥራው ከመመዘን ያርቃል።

አክብሮትና ግልጽነት

በአገራችን ታላቅን በአንቱታ መጥራት መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ወጣት ኃላፊ በዕድሜ የሚበልጠውን ሠራተኛ ላለማስቀየም ሲል የሥራ ጉድለቱን ሳይነግረው የሚቀርበት ጊዜ አለ። ጉድለቱ በዓመቱ መጨረሻ በሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ሲገለጽ ሠራተኛው እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ብሎ ማክበርና ጉድለትን በጊዜው፣ ለብቻ፣ በጨዋ አነጋገር መግለጽ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ነባሩ ሠራተኛም ኃላፊው በዕድሜ የሚያንስ ቢሆን የሚሰጠውን መመሪያ የሥራ መመሪያ አድርጎ መቀበል ይጠበቅበታል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ሠራተኛው ጡረታው ሲቃረብ ሥልጠና ላይ የማይመደብና በውሳኔ የማይማከር ከሆነ ከወዲሁ እንደተሰናበተ ይሰማዋል። ይህን ለማስቀረት የሚከተሉት ይረዳሉ፦

• ሠራተኛው ከመሰናበቱ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ተተኪው ታውቆ አብረው እንዲሠሩ ማድረግ፤
• በመመሪያ ያልሰፈረውን አሠራር፣ ለምሳሌ የቆዩ መዝገቦች የሚገኙበትንና በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ችግር የሚፈታበትን መንገድ፣ በጽሑፍ ማስቀመጥ፤
• ወጣቱ በአዳዲስ የቴክኖሎጂ አሠራሮች ነባሩን እንዲያግዝ፣ ነባሩም በሙያው ወጣቱን እንዲያማክር ማጣመር፤
• የሥራ ቦታውን ለሁሉም ዕድሜ ማመቻቸት።

ለመጨረሻው ነጥብ የጀርመኑ የመኪና አምራች ቢኤምደብሊው ምሳሌ ይሆናል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 በዲንጎልፊንግ ፋብሪካው አማካይ ዕድሜያቸው 47 ዓመት የሆነ ሠራተኞችን በአንድ የማምረቻ መስመር ላይ መደበ። የእንጨት ወለል፣ ተስተካካይ ወንበርና አጉሊ መነጽርን ጨምሮ 70 ያህል አነስተኛ ማሻሻያዎች ተደረጉ፤ ብዙዎቹ ከሠራተኞቹ ከራሳቸው የመነጩ ነበሩ። ወጪው 40,000 ዩሮ ገደማ ሲሆን የመስመሩ ምርታማነት በአንድ ዓመት ውስጥ በ7 በመቶ አድጓል።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ በሠራተኞች መካከል አድልዎ ማድረግንም ይከለክላል። በዚሁ አዋጅ መሠረት የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አገልግሎት አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል።

በዕድሜው ምክንያት በደል እንደደረሰበት የሚያምን ሠራተኛ የተፈጸመውን ከነቀኑ በጽሑፍ ይዞ በቅድሚያ ለቅርብ ኃላፊው ወይም ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ማቅረብ ይኖርበታል። መፍትሔ ካላገኘ የመንግሥት ሠራተኛ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ አጣሪ አካል፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ ለሠራተኛ ማኅበሩ ወይም በአካባቢው ለሚገኘው የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት ማመልከት ይችላል።