የላኳቸው ልጆች

በ1960ዎቹ ተማሪ የነበረ አጎት ወይም አክስት ያለው ሰው «እድገት በኅብረት» የሚለውን ስም ሳይሰማ አላደገም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የዩኒቨርሲቲ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከመምህራን ጋር ወደ ገጠር አዘመተ። 60 ሺህ ገደማ ነበሩ። ፊደል እንዲያስቆጥሩ፣ ጤና አጠባበቅ እንዲያስረዱ፣ ገበሬውን እንዲያደራጁ ነበር የተላኩት።

ዛሬ ይህን ዘመቻ የሚያነሱ አንዳንድ ታላላቆቻችን «ያኔ ወጣቱ ግዴታውን ያውቅ ነበር፣ የአሁኑ ግን…» ለማለት ነው። እስቲ ቆም ብለን እንየው። በደስታ የሄደ እንዳለ ሁሉ፣ ከቀረ ትምህርቱን መቀጠልም ሆነ ሥራ መያዝ እንደማይችል በአዋጅ ስለተነገረው የሄደም አለ። «ከአዲስ አበባ ሊያርቁን ነው» ብለው የተቃወሙም ብዙ ነበሩ። ጥርጣሬያቸው ከንቱ አልነበረም፤ ወታደሮቹ ሥልጣን ሲይዙ «ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም» እያለ ይጮህ የነበረው ይኸው ተማሪ ነው።

ለነገሩ ሐሳቡ የደርግ ፈጠራ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛውም በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተምር ነበር።

ነገሩ የተካረረው ከየካቲት 25 ቀን 1967 በኋላ ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ዘማቾቹ እዚያው ገጠር ነበሩ። አዋጁን ማስረዳትና የገበሬ ማኅበራትን ማቋቋም የእነሱ ሥራ ሆነ። በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው የተሰለፉት ተማሪዎች ታናናሾች ናቸውና አዋጁን የምራቸውን ያዙት። ባለመሬቱ መሣሪያ ይዞ ሲያስፈራራ፣ ፖሊሱና የወረዳው ሹምም ከባለመሬቱ ጎን ሲቆሙ፣ ዘማቾቹ ከገበሬው ወገን ሆኑ። በባለመሬቶች እጅ የተገደሉ አሉ። ጅማ አካባቢማ ከፖሊስና ከአስተዳደሩ ጋር ተጋጩ፤ ደርግም ራሱ የላካቸውን ልጆች አሰረ።

እንግዲህ ግዴታውን የፈጸመው ማን ነው? መንግሥት የፈለገው ሲጠሩት የሚሄድ፣ ሲያዙት የሚሠራ፣ ሲበቃ የሚመለስ ዜጋ ነበር። እነዚህ ልጆች ግን በሕጉ ከሕግ አውጪዎቹ ይበልጥ አመኑበት። ቅዱሳን ነበሩ ማለቴ አይደለም። የገበሬውን ቋንቋ ሳያውቁ፣ እምነቱንና ልማዱን «ኋላ ቀር» እያሉ ያስቀየሙበት ቦታ ጥቂት አይደለም። ቢሆንም ሹሙ አዋጁን ሲጥስ ዝም አላሉም፤ እኔ ከፊደል ማስቆጠሩም በላይ ይህን አከብርላቸዋለሁ።

ብዙዎቹ ዘመቻው ሳያልቅ ጣቢያቸውን ጥለው ተመለሱ። በ1968 ዓ.ም. ማብቂያ ዘመቻው ተዘጋ። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ካለቁት ወጣቶች መካከል የቀድሞ ዘማቾች ነበሩ። ያቋቋሟቸው የገበሬ ማኅበራት ግን ቆዩ። በኋላ ደርግ የእህል ኮታ የሚሰበስበውና ለውትድርና የገበሬ ልጆችን የሚመለምለው በእነዚሁ ማኅበራት በኩል ነበር።