የትዕዛዝ መስመር አርጉመንቶችን መተንተን

የትዕዛዝ መስመር አርጉመንት ትንተና አንድ ፕሮግራም ሲጠራ ከስሙ ቀጥለው የተጻፉትን ቃላት የሚያነብበት፣ አማራጩን ከእሴቱ የሚለይበትና ስህተት ካለ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚያስቆምበት የሶፍትዌር ክፍል ነው። ሰርቨር የሚያስተዳድር፣ መረጃ የሚያጣራ ወይም የተቃኘ ሰነድ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ባለሙያ ዛሬም በየቀኑ ይጠቀምበታል። መሣሪያዎቹ ሲሠሩ በላቲን ፊደልና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የሚጽፍ ሰው ብቻ ታስቦ ነበርና፣ በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ተጠቃሚ ያስገባው ቃል አንዳንዴ ይቆራረጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ተቀባይነት አግኝቶ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። የከፋው ሁለተኛው ነው።

አሠራሩ

በደቡብ ጎንደር ዞን ከተሞች የተለካውን ዝናብ ከመዝገብ የሚያወጣ «ዝናብ» የሚባል ፕሮግራም አለ እንበል። ተጠቃሚው እንዲህ ይጽፋል፦

ዝናብ --ከተማ እብናት --ዓመት 2016 መዝገብ

በሊኑክስና በሌሎች የዩኒክስ ዘሮች ላይ ይህን መስመር በመጀመሪያ የሚቀበለው ሼሉ ነው። ሼሉ በክፍት ቦታ እየቆረጠ ስድስት ቃላት ያደርገዋል። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም የሚደርሰው የቃላቱ ብዛትና ዝርዝራቸው ሲሆን በዝርዝሩ ዜሮኛ ቦታ ላይ የራሱ የፕሮግራሙ ስም ይቀመጣል። ትንተናው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፦ በሁለት ጭረት የጀመሩት ረጅም አማራጮች ናቸው፤ «እብናት» እና «2016» እሴቶቻቸው ናቸው፤ «መዝገብ» ደግሞ በቦታው የሚታወቅ አርጉመንት ነው። ብቻውን የቆመ ሁለት ጭረት አማራጮች ማብቃታቸውን ስለሚናገር፣ ስሙ በጭረት የሚጀምር ፋይል እንኳ ከእሱ በኋላ ሲጻፍ አማራጭ መስሎ አይታይም።

በዊንዶውስ አካሄዱ ይለያል። ስርዓተ ክወናው መስመሩን ሳይቆርጥ እንዳለ ያስረክባል፤ መቁረጡ የፕሮግራሙ ወይም አብሮት የተገነባው ቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው። በአሮጌው የኮድ ገጽ ለሚሠራ ፕሮግራም የግዕዝ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይደርሰዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት 1903 አንድ ፕሮግራም ዩቲኤፍ-8ን የራሱ የኮድ ገጽ እንዲያደርግ ፈቅዷል።

በዩኒክስ መጀመሪያ ዘመን እያንዳንዱ ፕሮግራም አርጉመንቱን በራሱ ዘዴ ይተነትን ነበር። ጌትኦፕት የተባለውን መተንተኛ ኤቲ ኤንድ ቲ በ1985 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ በነጻ ለቀቀ፤ የፖዚክስ ደረጃም ደንቡን አጸደቀው። ረጅሞቹን ባለሁለት ጭረት አማራጮች ያስፋፋው የግኑ ፕሮጀክት ነው። በፓይተን ቋንቋ አርግፓርስ የተባለው ሞጁል ከስሪት 2.7 (2010 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከቋንቋው ጋር ይመጣል።

የሁለት ቃል ስሞች

እብናትና ወረታ አንድ ቃል ስለሆኑ አያስቸግሩም። ደብረ ታቦር፣ አዲስ ዘመን፣ ንፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስ ግን በሼሉ ዓይን ሁለት ሁለት አርጉመንት ናቸው። «--ከተማ ደብረ ታቦር» ሲባል ተንታኙ «ደብረ»ን የከተማ ስም አድርጎ ይይዝና «ታቦር»ን ሌላ ነገር ያደርገዋል። ስሙ እንዳይቆረጥ "ደብረ ታቦር" ተብሎ በቀጥተኛው ትእምርተ ጥቅስ መታቀፍ አለበት። በአማርኛ ሰነዶች የለመድነው «» ለሼሉ ተራ ፊደል ነው፤ ከመጽሐፍ ወይም ከቃል ማቀናበሪያ የተቀዳ ትዕዛዝ ብዙ ጊዜ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ቃል ማቀናበሪያው ሁለቱን ጭረቶች ወደ አንድ ረጅም ጭረት ሲለውጣቸውም አማራጩ አማራጭነቱን ያጣል።

በአንጻሩ በጥንቱ አጻጻፍ «ደብረ፡ታቦር» የተባለ እንደሆነ ስሙ ሳይቆረጥ ያልፋል። ዩኒኮድ ሁለት ነጥብን ከሥርዓተ ነጥብ እንጂ ከክፍት ቦታ ስለማይመድበው ሼሉ አይቆርጥበትም። ሆኖም ፕሮግራሙ በመዝገቡ ውስጥ በክፍት ቦታ የተጻፈውን ስም የሚፈልግ ከሆነ አያገኘውም። «እብናት፣ወረታ» ተብሎ የተሰጠ ዝርዝርም በላቲኑ ኮማ ብቻ ለሚቆርጥ ተንታኝ አንድ ከተማ ነው።

ፊደልና ባይት

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በስሪት 3.0፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ጌትኦፕት አጫጭር አማራጮችን ባይት በባይት ስለሚያነብ «-ዝ» የተባለ አማራጭ ሦስት የማይታወቁ አማራጮች ይሆንበታል። ረጅሞቹ ግን እንደ ሙሉ ቃል ስለሚነጻጸሩ «--ዝርዝር» ያለ ችግር ይሠራል። አርግፓርስ ባይቱን አስቀድሞ ወደ ፊደል ስለሚለውጥ ሁለቱንም ይቀበላል። በሊኑክስ የአንድ አርጉመንት ጣሪያ በተለመደው ቅንብር 131,072 ባይት ነው፤ በግዕዝ ሲሰላ ከ43,690 ፊደል አያልፍም።

ሌላው ጣጣ የሞክሼ ፊደላት ነው። «--ዓመት» ብሎ ለተዘጋጀ ፕሮግራም «--አመት» የማይታወቅ አማራጭ ነው። ዩኒኮድ ዐ እና አን፣ ሠ እና ሰን፣ ጸ እና ፀን የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ይይዛቸዋል፤ የዩኒኮድ ማስተካከያ ሥርዓትም አያዋህዳቸውም። ግዕዝ እንዲለዩ ስለሚፈልግ ይህ ተገቢ ነው። መፍትሔው በፕሮግራም ጸሐፊው እጅ ነው፦ አርግፓርስ ለአንድ አማራጭ ብዙ ስም ስለሚፈቅድ ሁለቱንም አጻጻፍ መመዝገብ ይችላል፤ የቦታ ስሞችን ደግሞ ከማነጻጸሩ በፊት ወደ አንድ አጻጻፍ ማምጣት አለበት።

የቋንቋ ኮድም ይፈትናል። ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነበው ቴሴራክት አማርኛን የሚያውቀው በሦስት ፊደል ኮድ ነው። ድረ ገጾች የሚጠቀሙበትን የሁለት ፊደል ኮድ የሰጠ ሰው የቋንቋው ፋይል አልተገኘም የሚል መልስ ይደርሰዋል፤ ይህም አማርኛ ጭራሹን እንደሌለ ያስመስላል።

ቁጥርና ቀን

ዓመቱን ፳፻፲፮ ብሎ የጻፈ ተጠቃሚ በአብዛኞቹ ቋንቋዎች ስህተት ይገጥመዋል፤ ቁጥር ለዋጮቹ የሚያውቁት ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ባሉ አኃዞች በቦታ ዋጋ የሚጻፍ ቁጥርን ነው። ፓይተን ላይ ወጥመዱ ጠለቅ ይላል፦ «ይህ አኃዝ ነው ወይ?» ለሚለው ፍተሻ ፪ አዎንታዊ መልስ ያገኛል፤ ወደ ኢንቲጀር ሲለወጥ ግን ስህተት ያስነሳል። ፲ ደግሞ ያንኑ ፍተሻ እንኳ አያልፍም።

ቀን ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «2015-13-06»፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ትክክለኛ ቀን ነው፤ የፓይተን ቀን አንባቢም ሆነ የግኑ የቀን ትዕዛዝ ግን 13ኛ ወር ስለማያውቁ አይቀበሉትም። ጥቅምት 30ን «2016-02-30» ብሎ የሚያስገባም እንዲሁ ይመለሳል። እነዚህ ቢያንስ ወዲያው ይታወቃሉ። የ2016 ዓ.ም. ጥምቀት፣ ጥር 11፣ «2016-05-11» ተብሎ ሲገባ ግን ምንም ስህተት አይታይም። ቀኑ በጎርጎርዮስ ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ሲሆን ፕሮግራሙ ሜይ 11 ቀን 2016፣ ማለትም ግንቦት 3 ቀን 2008 ዓ.ም. አድርጎ ይወስደዋል። የእብናትን የጥር ዝናብ የጠየቀ ሰው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ የራቀ የግንቦት ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ መሳሳቱን የሚነግረውም የለም።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ለሚያገለግል ፕሮግራም «--አቆጣጠር» የሚል አማራጭ ማስቀመጥና ቀን በተሰጠ ቁጥር ግዴታ ማድረግ ያስፈልጋል። ነባሪ እሴት ሊሰጠው አይገባም፤ ነባሪው ኢትዮጵያዊ ቢሆን ከውጭ የመጣው መረጃ ይበላሻል፣ ጎርጎርዮሳዊ ቢሆን የአገር ቤቱ። አማራጩ ሲጎድል ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ይቁም፤ የጎደለውን በአማርኛ ይንገር፤ መልእክቱን ወደ ስህተት መውጫው ይላክ፤ ከዜሮ በተለየ የመውጫ ኮድም ይመለስ። አርግፓርስ ለዚህ ዓይነቱ ስህተት 2ን ይመልሳል።